ጨዋታ፣ ገበታ፣ ልዕለ ጀግና፤ የቅዳሜና እሑድ መዝናኛዎች በአማርኛ እንዴት ይሰየሙ?

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን በአንድ ቤት የተደረገ አጭር ንግግር ነው። ከመካከላችን አንዱ በአሜሪካ፣ ለዋሽንግተን ከተማ ቅርብ በሆነችው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በዘመድ ቤት በእንግድነት ሰንብቶ ነበር። የቤቱ ልጅ የዐሥራ ስድስት ዓመት ወጣት ነው፤ አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራልም። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ጠረጴዛ ከብቦ እስከ ምሽት ድረስ ሲጫወት ዋለ፤ እሑድ ደግሞ ከእነዚያው ጓደኞቹ ጋር ሲኒማ ሄደ። እሑድ ማታ አያቱ «እንዴት ዋልክ ልጄ? ምን ስትሠሩ ሰነበታችሁ?» ብለው ጠየቁት። ልጁም ለማስረዳት ሞከረና «ትናንት ዘንዶ ገደልን፣ እማማ» አላቸው። አያቱ ደንግጠው «የት አግኝታችሁ?» ቢሉት «ጠረጴዛ ላይ» ብሎ መለሰ። ከዚያ በኋላ የተናገረው ሁሉ እንግሊዝኛ ነበር። አያቱም ጥቂት ካዳመጡ በኋላ «ይሁን እንግዲህ፤ ና እራትህን ብላ» ብለው ነገሩን ተዉት።

ነገሩ ፈገግ የሚያሰኝ ቢሆንም ለቃላት አጥኚ ቀላል ጉዳይ አይደለም። አንድ ወጣት ከሁሉ አብልጦ የሚወደውን ነገር በአባቶቹ ቋንቋ መናገር ካልቻለ፣ ያ ቋንቋ በቤቱ ውስጥ የሚቀርለት ለሰላምታ፣ ለትእዛዝና ለተግሣጽ ብቻ ነው። ለሦስቱ ብቻ የሚያገለግል ቋንቋ ወደሚቀጥለው ትውልድ ሲሻገር አላየንም። በአዲስ አበባም ቢሆን እነዚሁኑ ፊልሞች የሚያይ፣ በካርታና በዳይስ የሚጫወት ወጣት ስለሚያየውና ስለሚጫወተው የሚናገረው ግማሽ በግማሽ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ቃላቱን አንድ በአንድ ማንሣት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በመጀመሪያ ቀኖቹን ራሳቸውን ምን እንበላቸው? በጋዜጣና በሬዲዮ «የሳምንቱ መጨረሻ» ማለት ተለምዷል። አነጋገሩ ከእንግሊዝኛ በቀጥታ የተገለበጠ ነው። ስሕተት ነው ብለን አናወግዘውም፤ ነገር ግን ከቀኖቹ ስም ጋር ይጋጫል። «እሑድ» የመጣው በግእዝ «አንድ» ማለት ከሆነው ቃል ነው፤ «ሰኞ» ሁለተኛ፣ «ረቡዕ» አራተኛ፣ «ሐሙስ» አምስተኛ ማለት ነው። እሑድን የሳምንት መጨረሻ ማለት እንግዲህ አንደኛውን የመጨረሻው ብሎ መጥራት ይሆናል። ሁለቱን ቀኖች አንድ አድርጎ የሚጠራ የቆየ ቃል የጠፋ እንዳይመስል፣ «ሰንበት» አለ፤ ቤተ ክርስቲያን ቀዳሚት ሰንበትንና የእሑድን ሰንበት ሁለቱንም ታከብራለች፤ ይህም ነገር እ.ኤ.አ. በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የጸና ነው። ይሁን እንጂ «ሰንበት» የአምልኮ ግዴታን ስለሚያስታውስ ስለ ዳይስና ስለ ፊልም ሲወራ ይከብዳል፤ ክርስቲያን ያልሆነውንም ተናጋሪ አያካትትም። ሕዝቡ ራሱ «ቅዳሜና እሑድ» ይላል። ሁለት ቃል መሆኑ እንጂ ምንም ጉድለት የለበትም፤ እኛም በዚሁ እንጸናለን።

አሁን ወደ ዋናው ቃል እንምጣ። አማርኛ «ጨዋታ» የሚለው እንግሊዝኛ በሁለትና በሦስት ቃል የሚከፋፍለውን ነገር ነው። ኳስ መምታት ጨዋታ ነው፤ ገበጣ ጨዋታ ነው፤ ቡና ተፈልቶ ሰዎች ተሰብስበው የሚያወሩትም ወሬ ጨዋታ ነው። «እስቲ ተጫወት» የተባለ እንግዳ ኳስ አምጡልኝ አይልም፤ ያወራል። «ተጫዋች» የሚባለውም ሰው ወይ ሜዳ ላይ የሚሮጥ ነው፣ ወይ ቁም ነገርና ቀልድ እያፈራረቀ ሰው የማያሰለች ነው። «ጭውውት» ደግሞ ከዚሁ ሥር ወጥቶ የንግግርና የአጭር ድራማ ስም ሆኗል። አንባቢ ይህን በልቡ ይያዝልን፤ ምክንያቱም ያ ወጣት በጠረጴዛ ዙሪያ የሚጫወተው ጨዋታ በአብዛኛው የሚካሄደው በንግግር ነው።

ጨዋታው ምን እንደሆነ ላላየው አንባቢ ባጭሩ እንግለጽ። ከተጫዋቾቹ አንዱ የታሪኩ መሪ ይሆናል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ፈጥረው ያን ሰው ሆነው ይናገራሉ፤ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ ቀስተኛ፣ አንዱ ባለ አስማት ይሆናል። መሪው «በዋሻው በር ቆማችኋል፤ ከውስጥ ጭስ ይወጣል» ይላል። ተጫዋቾቹ ምን እንደሚያደርጉ በቃላቸው ይናገራሉ። አድራጎቱ መሳካቱ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣልና ቁጥሩ ይፈርዳል። ከእነዚህ ጨዋታዎች የመጀመሪያው ለሽያጭ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት በሌክ ጄኔቫ ከተማ ነው። ደራሲዎቹ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ሲሆኑ፣ ስሙም «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። በመጀመሪያ የታተመው አንድ ሺህ ቅጂ ብቻ ነበር።

የዚህ ጨዋታ ትውልድ ሐረግ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጋይጋክስና አርነሰን ከዚያ በፊት በትንንሽ የወታደር ቅርጾች የጦርነት ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። የጦርነት ጨዋታ ደግሞ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ በተለይም ከእ.ኤ.አ. 1824 ጀምሮ፣ በፕሩሲያ ጦር ውስጥ ለመኮንኖች ማሠልጠኛ ያገለገለ ነው። የፕሩሲያው ጨዋታ አስቀድሞም እ.ኤ.አ. በ1780 ሄልቪግ የተባለ ጀርመናዊ የቼዝን ሰሌዳ አስፍቶ ያወጣው የጦርነት ጨዋታ ነበረ። ቼዝም ከህንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ በኩል ተጉዞ ወደ እኛም ደርሷል፤ ስሙም «ሰንጠረዥ» ነው።

ስለ ሰንጠረዥ ጥቂት ማለት ይገባናል፤ የባዕድ ጨዋታ ወደ አማርኛ ሲገባ ቃላቱ እንዴት እንደሚደላደሉ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለምና። የጨዋታው ስም ከዐረብኛ የተወሰደ ነው። ከመጫወቻዎቹ «ንጉሥ» እና «ፈረስ» የአገር ቃል ናቸው፤ «ፊል» ዐረቦች ዝሆን የሚሉት ነው፤ «ፈርዝ» የፋርሱን አማካሪ ስም የያዘ ነው፤ «ደር» እና «መደቅ» ደግሞ የግንቡና የእግረኛው ስም ሆነዋል። ከሁሉ የሚያስደንቀው «ወረራ» የሚባለው የጨዋታው መክፈቻ ነው። በቀድሞው የኢትዮጵያ አጨዋወት፣ የመጀመሪያው መጫወቻ እስኪበላ ድረስ ተራ አይጠበቅም፤ ሁለቱም እጃቸው እንደፈጠነ መጫወቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ይህ ሥርዐት በሌላ አገር ቼዝ ውስጥ ስለማይገኝ የሚዋስበት ቃል አልነበረም፤ ተጫዋቾቹ ከራሳቸው የጦርነት ቋንቋ አወጡለት። ነገሩ ከውጭ ሲመጣ ስሙን አስከትለውት፣ ከውስጥ ሲፈልቅ ከአፋቸው ሰይመውታል። ማንም ኮሚቴ አልተቀመጠለትም።

ዛሬ «ሰንጠረዥ» የሚለው ቃል በመማሪያ መጻሕፍት ቁጥር የሚሞላበት ባለ ዐምድና ባለ ረድፍ ሣጥን መጠሪያ ሆኗል፤ ጨዋታውን ሰው ሁሉ «ቼዝ» ይለዋል። የቃል ዕጣ እንዲህ ነው፤ ንጉሡና ዝሆኑ ከሰሌዳው ወርደው ሰሌዳው ብቻ ቀረ። ስለዚህ እነዚህን አዳዲስ ጨዋታዎች «የሰንጠረዥ ጨዋታ» እንበላቸው የሚል ሐሳብ ቢቀርብም አልተቀበልነውም። ተማሪው የሒሳብ መልመጃ ይመስለዋል።

«የጠረጴዛ ጨዋታ» የሚለውም ቀርቦ ነበር። ቃል በቃል ከእንግሊዝኛው ጋር ይስማማል። ሆኖም ሁለት እንከን አለበት። አንደኛ፣ «የጠረጴዛ ቴኒስ» ከሚለው ጋር ይምታታል። ሁለተኛ፣ በእኛ ዘንድ ጠረጴዛ የጨዋታ ቦታ አይደለም፤ ቢሮን፣ ጸሐፊንና ማኅተምን ያስታውሳል። ገበጣ መሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ ወይም በተፈለፈለ እንጨት፣ ዳማ በካርቶን ላይ በቆርኪ ሲጫወቱት የኖረ ሕዝብ ጨዋታን በጠረጴዛ አይለየውም።

በእኛ አስተያየት የሚሻለው «ገበታ» ነው። ቃሉ ሁለት ጥሩ ባሕርይ አለው። በአንድ በኩል «የፊደል ገበታ» እንደምንለው በሣጥን በሣጥን የተከፋፈለ ሰሌዳ ማለት ነው፤ ይህ ለመጫወቻው ሰሌዳ በቀጥታ ይስማማል። በሌላ በኩል ገበታ ሰዎች ከብበው የሚቀመጡበት ማዕድ ነው፤ ይህ ደግሞ ለጨዋታው መንፈስ ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ1995 በጀርመን የወጣውን፣ ተጫዋቾች እንጨትና ጡብ፣ በግና ስንዴ እየተለዋወጡ ደሴት የሚያለሙበትን «ካታን»ን «የገበታ ጨዋታ» ብንለው ላላየውም ሰው ሐሳቡ ይገባዋል። ተቃውሞ መኖሩን አንደብቅም፤ ከአባሎቻችን አንዱ «ገበታ» እና «ገበጣ» በአንዲት ፊደል ብቻ ስለሚለያዩ በችኮላ ሲነገሩ ይደባለቃሉ ብለዋል። እውነት ነው። ነገር ግን ቢደባለቁ ጉዳቱ ምንድን ነው? ገበጣም ቢሆን የገበታ ጨዋታ ነው።

ያ በንግግር የሚካሄደው ጨዋታ ግን ሰሌዳ ባይኖረውም ይሆናል፤ ስለዚህ የራሱ ስም ያስፈልገዋል። በመምህራን ማሠልጠኛ «የሚና ጭውውት» የሚባል የማስተማሪያ ዘዴ አለ፤ ተማሪዎች የገዢና የሻጭን፣ የሐኪምና የታማሚን ሚና ይዘው የሚነጋገሩበት ነው። ከዚህ ተነሥተን «የሚና ጨዋታ» ብለነዋል። በዚህ ላይ ከላይ ያነሣነው የ«ጨዋታ» ድርብ ትርጉም እንደ ጉድለት የሚቈጠር ሳይሆን የሚጠቅም ሆኖ ይገኛል። እንግሊዝኛው ይህ ጨዋታ ወግ ነው ወይስ ውድድር የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ብዙ ማብራሪያ ይሻል፤ በአማርኛ ጥያቄውም አይነሣ፤ ጨዋታ ነው።

እንዲያውም የሚና ጨዋታ ዘመድ በቤታችን አለ። ልጆች በምሽት እሳት ዳር «እንቆቅልሽ» «ምን አውቅልሽ» ሲባባሉ፣ መልሱን ያጣው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ተሸናፊው ከተማ ይሰጣል፤ ጠያቂው አልፈልግም ብሎ ሌላ ሊያስጨምር ይችላል፤ በመጨረሻ ተቀብሎ በዚያ አገር እንደ ሹም ተቀምጦ የሚበላውንና የሚጠጣውን፣ ተሸናፊው የሚደርስበትንም ውርደት ይተርካል። እንግዲህ አንድ ሕፃን ከመደቡ ሳይነሣ በቃል ብቻ ጎንደርን ተቀብሎ ገዛ፣ ግብርም አበላ ማለት ነው። ያችን አያት ልጁ «እንደ አገር ስጠኝ ያለ ነው፣ እማማ፤ በዕጣ የሚዳኝ ነው እንጂ» ቢላቸው ኖሮ ዘንዶው ከየት እንደ መጣ ባልጠየቁት ነበር። ችግሩ ልጁ «አገር ስጠኝ»ን አለማወቁ ነው።

ታሪኩን የሚመራው ሰው ስም ብዙ አከራክሮናል። «ዳኛ» እንዳይባል፣ ዳኛ ይፈርዳል እንጂ አይተርክም፤ «ተራኪ» እንዳይባል፣ ይህ ሰው በተጫዋቾች መካከል ይፈርዳል። «የጨዋታ መሪ» ማለት ይቻላል፤ ግን ስብሰባ ይመስላል። እኛ የመረጥነው «አጫዋች» የሚለውን ነው። አ- የሚለው መነሻ ሌላውን እንዲያደርግ የሚያደርገውን ሰው ያመለክታል፤ አጫዋች ሌሎቹ እንዲጫወቱ የሚያደርግ፣ በሁለቱም ትርጉም የሚያጫውት ነው። ቃሉ በቀድሞ ዘመን በመኳንንት ቤት ሰው የሚያስቀውን አገልጋይ ለመጥራት ማገልገሉ አንዳንዶቹን አባሎቻችንን ቅር አሰኝቷል። እኛ ግን ይህን ዝቅ ያለ ትርጉም ቀድሞውንም የረሳው ተናጋሪ ይበዛል እንላለን።

በሳምንት አንድ ጊዜ እየተገናኙ ወራትና ዓመታት የሚቀጥሉትን ረጅም ታሪክ እንግሊዝኛው የሚጠራው በጦርነት ቃል ነው፤ የጨዋታው አባት የጦርነት ጨዋታ ነውና። አማርኛም «ዘመቻ» ቢለው በትክክል ይገጥማል። በአንድ ቅዳሜ የሚጫወቱትን ክፍል ምን እንበለው? አንዳንዶች «ክፍለ ጊዜ» አሉ፤ የትምህርት ቤት ደወል የሚያሰማ ቃል ነው። ዘመቻ ካለ ግን «ውሎ» አብሮት አለ፤ «የጦር ሜዳ ውሎ» እንላለንና። የቅዳሜው ውሎ፣ ያለፈው ውሎ፣ የሦስተኛው ዘመቻ አምስተኛ ውሎ። አያቲቱ «እንዴት ዋልክ?» ሲሉ የጠየቁት ከዚሁ ሥር በወጣ ቃል መሆኑን ልብ ይሏል።

ስለ ዳይስ ብዙ አንልም። «ዳይስ» ገብቶ የተለመደ ቃል ስለሆነ ማንሣቱ አይጠቅምም፤ ዳማና ካርታም ከውጭ መጥተው የአገር ሰው ሆነዋል። የሚያስፈልገው ዐይነቶቹን መለየት ነው። በሚና ጨዋታ ከተለመደው ባለ ስድስት ገጽ ሌላ ባለ አራት፣ ባለ ስምንት፣ ባለ ዐሥር፣ ባለ ዐሥራ ሁለትና ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ አለ። ከባለ ዐሥሩ በቀር ሌሎቹ ገጾቻቸው ሁሉ እኩል የሆኑ፣ ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ የታወቁት አምስት ጠጣር ቅርጾች ናቸው። «ባለ ሃያ ገጽ» ማለት አጭርና ግልጽ ነው። ግሡም «መጣል» ነው፤ ዕጣ እንደምንጥለው ዳይስም ይጣላል፤ «ማንከባለል» የሚሉት ከእንግሊዝኛው የቀዱ ናቸው።

ከዚህ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው በታሪኩ ውስጥ ያሉት ፍጥረታት ስም ነው። ለድራጎን «ዘንዶ» አለን፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል የሚወጋው «ደራጎን» አለን፤ በአክሱም አፈ ታሪክ ሰው ያስገብር የነበረው «አርዌ» አለን። ሦስቱ አንድ አይደሉም። ዘንዶ በዱርም የሚገኝ እባብ ነው፤ ስለዚህ ነው አያቲቱ የት አገኛችሁት ያሉት። «ደራጎን» ቢባል ኖሮ ሥዕሉ በዐይናቸው ይመጣ ነበር። የጨዋታው ፍጥረት እሳት የሚተፋ፣ ክንፍ ያለው፣ በሥዕል እንጂ በዱር የማይገኝ ስለሆነ «ደራጎን» እንዲባል እንመክራለን። ከምድር በታች ላለው መተላለፊያውና ክፍሉ ብዙ ለሆነ ስፍራ «ወህኒ» የሚል ትርጉም አይተናል። ወህኒ በጎንደር ዘመን የነገሥታት ዘሮች ይጠበቁበት ከነበረው ከወህኒ አምባ ስም ጋር የተያያዘ ነው፤ ያ ደግሞ የተራራ አናት ነው። የምድር ውስጥ ዋሻን በተራራ አናት ስም መጥራት አያምርም፤ በዚያም ላይ በጨዋታው ውስጥ የታሰረ ሰው ላይኖር ይችላል። «ዋሻ» ይበቃል። ሰው በላው ግዙፍ ፍጥረት «ጭራቅ» ነው፤ በዚህ የሚከራከር አልተገኘም።

«ጠንቋይ» የሚለው ግን ቀላል አይደለም። በአማርኛ ጠንቋይ ክፉ ሥራ የሚሠራ፣ የሚፈራና የሚወገዝ ሰው ነው። ልጁ «እኔ ጠንቋይ ነኝ» ብሎ ቢናገር በቤቱ ጠብ ይነሣል። በአሜሪካም በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይኸው ጨዋታ ልጆችን ወደ ጥንቈላ ይመራል የሚል ብርቱ ወቀሳ ቀርቦበት ነበር፤ ወላጆችን ያስፈራው ከጨዋታው ይልቅ ቃሉ ነበር ማለት ይቻላል። እኛ «አስማተኛ» የሚለውን መርጠናል። «አስማት» በግእዝ የ«ስም» ብዙ ቍጥር ነው፤ በቀድሞ ጽሑፎች ኃይል አላቸው የሚባሉ ስሞችን መድገም ማለት ነበር፤ በኋላ ምትሐትን ሁሉ አጠቃለለ። በጨዋታውም አስማተኛው የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ የአስማቱን ስም ይጠራል፣ ዳይሱንም ይጥላል። ቃሉ ነቀፋ ጨርሶ የለበትም አንልም፤ ቢሆንም ሕዝብ ፊት እጀ ፈጣንነቱን የሚያሳየውም ሰው አስማተኛ ስለሚባል ነቀፋው ለዝቧል።

አሁን ወደ እሑዱ ሲኒማ እንሻገር። ሲኒማ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ሲገባ ቤቱ «ሰይጣን ቤት» መባሉ የታወቀ ነው። ዛሬ «ፊልም» ማንንም አያስደነግጥም። አስቸጋሪው በፊልሙ ውስጥ ያለው ሰው ስም ነው። ዐይነቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1938 ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር በፈጠሩት በሱፐርማን ነው፤ በዓመቱ ባትማን ተከተለ። ከሥዕል መጽሔት ወደ ትልቅ ፊልም የተሻገረው በተለይ እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው የሱፐርማን ፊልም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው «አይረን ማን» በኋላ በየዓመቱ ብዙ ይወጣል። የዐይነቱ መጠሪያ የሆነው የእንግሊዝኛ ቃል ለበርካታ ዓመታት የሁለት አሳታሚዎች የጋራ የንግድ ምልክት ሆኖ ተመዝግቦ ቆይቷል፤ የተሰረዘው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ሕዝብ የሚናገረው ቃል የነጋዴ ንብረት ሆኖ መመዝገቡ ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛ የሚያስገርም ነገር ነው። የአማርኛውን ግን ማንም አላስመዘገበውም።

እዚህ ላይ የራሳችንን ስሕተት እንናገር። ከዓመታት በፊት በአንድ የስያሜ ሥራ ላይ ተቀምጠን ለዚህ ሰው ከግእዝ «ልዕለ ሰብእ» የሚል ስም አውጥተን ነበር። በሰዋስው በኩል እንከን አልነበረበትም። ካወጣነው ከእኛ በቀር የተናገረው ሰው አላጋጠመንም። አንድ ወጣት «ሰብእ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቀን፣ ሰውን ከሰው በላይ ስናደርግ ለሰው እንዳይገባ ማድረጋችንን ተረዳን። ከዚያ ወዲህ «ባለ ልዩ ኃይል» የሚል ሐሳብ መጣ፤ ይኸኛው ይባሱን አሳሳች ነው። «ልዩ ኃይል» በቅርብ ዓመታት የክልሎች የታጠቀ ኃይል መጠሪያ ስለነበረ ሰሚው ፊልሙን የዜና ዘገባ ሊያስመስለው ይችላል።

ወጣቶቹ ራሳቸው «ልዕለ ጀግና» ማለት ጀምረዋል። ይህን እንደግፋለን። «ልዕለ» በግእዝ «ከላይ» ማለት ሲሆን «ልዕለ ኃያል መንግሥት» በሚለው የፖለቲካ አነጋገር ከተለመደ ቆይቷል፤ «ጀግና» ደግሞ ማንም የሚያውቀው ነው። አንድ ጥርጣሬ ብቻ አለን። በአማርኛ ጀግና የሚባለው በሥራው ነው፤ እንደ ሌላው ሰው ሥጋ ለባሽ ሆኖ፣ የሚሞት መሆኑን እያወቀ የገባ ነው። ጥይት የማይበሳው ሰው ወደ ጥይት ቢገባ ጀግንነቱ ምን ላይ ነው? የፊልሞቹም ደራሲዎች ይህ ጥያቄ የገባቸው ይመስላል፤ ለሱፐርማን የሚያደክመው ማዕድን፣ ለስፓይደርማን የማይከፈል የቤት ኪራይ ሰጥተውታል። እንግዲህ «ልዕለ» የሚለው ኃይሉን፣ «ጀግና» የሚለው ድካሙን ይጠብቅለት።

የተጸውዖ ስሞቹን መተርጐም አያስፈልግም፤ ሱፐርማን ሱፐርማን ነው። ያም ሆኖ የድብቅ ስም ነገር ሲነሣ ለወጣቶቹ ልንነግራቸው የምንወደው አለ። አንድ ሰው ከተጸውዖ ስሙ ሌላ የጦር ሜዳ ስም ሲኖረው እኛ «የፈረስ ስም» እንላለን። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ደጃዝማች ባልቻ «አባ ነፍሶ» ይባሉ ነበር። ልዩነቱ የፈረስ ስም የሚፎከርበት እንጂ የሚደበቅበት አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የ«ብላክ ፓንተር» ፊልም ግን ለትርጉም ይጋብዛል። በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል የሆነው በአማርኛ አንድ ነው፤ «ግስላ» ጥቁሩ ነብር ነው፤ «ጥቁር ግስላ» ማለት ድግግሞሽ ነው። በዚያ ፊልም የአገሬው ሰዎች የሚነጋገሩት በደቡብ አፍሪካው በቆሳ ቋንቋ ነው፤ ልብ ወለድ የሆነ አገር የእውነት ቋንቋ ተሰጥቶት በዓለም ሁሉ ተሰምቷል። በዚያው ዓመት «ጀምበር» የተባለ ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና በሥዕላዊ መጽሔት በእንግሊዝኛና በአማርኛ ወጥቷል። ስሙን ለመረዳት ማንም መዝገበ ቃላት አይገልጥም።

ከላይ የዘረዘርናቸውን ቃላት ባልደረባችን በዚያው ቤት በሚቀጥለው ቅዳሜ ሞክሯቸዋል። ልጁን «አጫዋቹ ማን ነው? ስንተኛ ውሎአችሁ ነው?» እያለ ሲጠይቀው አያቲቱ ወንበራቸውን አስጠግተው ተቀመጡ። «አገር ስጠኝ» ሲባል ነገሩ ወዲያው ገባቸው፤ ደራጎኑ ስንት ሰው በልቷል ብለውም ጠየቁ። በኋላ ተራው የልጁ ሲሆን ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ በእጃቸው አኖረና «እማማ፣ እርስዎ ይጣሉልኝ» አላቸው። ጣሉት፤ ሃያ ወጣ። ይህ ከሃያ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ከፍተኛው ዕጣ ነው፤ በጨዋታው ሕግም ምቱ ሳይስት ያርፋል። ለዚህ ዕጣ ስም አላዘጋጀንም ነበር። ልጁ ብድግ ብሎ የጮኸውን ባልደረባችን በቃል መሰብሰቢያ ካርዱ ላይ እንዲህ ሲል መዝግቦታል፦

ዘረረ፤ ግሥ። በሚና ጨዋታ፣ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ሃያ ሲወጣ በአንድ ምት ጣለ። «እማማ ደራጎኑን ዘረሩት!»